የፖርሰሊን ወለል ጠላቱ እድፍ ሳይሆን አጠባችን ነው



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቆሻሻ አጣጣል፣ ስለ ቦይ ጠረጋና ስለ መዋጮ በየጊዜው ይጻፋል። ዛሬ አስተያየታችንን ለማቅረብ የተነሣነው ስለ ቤታችን ወለል ነው። «እንዴ፣ ስለ ወለል ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን የገንዘብም፣ የውሃም፣ የጤናም ጉዳይ ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም።

እንደሚታወቀው ባለፉት ዓመታት በሠፈራችን ቤት የሠራም፣ ያደሰም፣ ወጥ ቤት የጨመረም ሁሉ ወለሉን ሴራሚክ ወይም ፖርሰሊን ያስነጥፋል። መልካም ነው፤ አንቃወምም። ሰው ላቡን ጠብ አድርጎ ያገኘውን ገንዘብ ለቤቱ ቢያውለው ደስ ይለናል። ችግሩ ከተነጠፈ በኋላ ያለው ነው። ዓመት ሳይሞላው መጋጠሚያው ይጠቁራል፣ ላዩ ይደበዝዛል፣ አንዳንዱም ሲረግጡት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ባለቤቱ ታዲያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው፣ ነጋዴው አታለለኝ» ይላል። አንዳንድ ጊዜ እውነቱን ሊሆን ይችላል። በአብዛኛው ግን ወለሉን የገደለው ነጋዴው አይደለም። በየሳምንቱ በላዩ ላይ የሚደፋው አሲድ ነው።

ወለሉ የሲኒ ወንድም ነው

ፖርሰሊን ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ቡና የምንጠጣበት ሲኒ ከዚያው ወገን ነው። «ሲኒ» የሚለው ቃል ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የቻይና» ማለት ነው። ከቻይና የሚመጣ ዕቃም በዚህ አገር የትናንት አይደለም። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው በሐርላ ጥንታዊ ከተማ ቁፋሮ ያደረጉ ባለሙያዎች ከቻይና የመጣ የሸክላ ዕቃ ስብርባሪ ማግኘታቸው በ2009 ዓ.ም. ተገልጿል። በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ ከስፌቱ ጋር ተደርድሮ የሚታየውን ሳሕንም ማን ያጣዋል?

እስቲ እንጠይቅ። ሲኒውን በአሲድ የሚያጥብ አለ? በሽቦ የሚፈትግ አለ? የለም። ለብ ባለ ውሃ፣ በጥቂት ሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ ደርቆ ይቀመጣል። ብዙ ዓመትም ያገለግላል። ወለሉም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። አንድ ነገር ወለል ስለሆነና ስለሚረገጥ ብቻ ይበልጥ መቀጣት አለበት ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው።

ፖርሰሊን ከተራ ሴራሚክ የሚለየው በአፈሩና በእሳቱ ነው። ከጥሩ ነጭ አፈርና ከተፈጨ ድንጋይ ተጨምቆ ከ1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ይተኮሳል። ስለዚህም ውሃ አይጠጣም ማለት ይቻላል። በዓለም አቀፍ ደረጃ ፖርሰሊን ለመባል የሚጠጣው ውሃ ከክብደቱ ከ0.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። 10 ኪሎ የሚመዝን ፖርሰሊን ቢበዛ 50 ግራም ውሃ ይወስዳል ማለት ነው። ለግድግዳ የሚለጠፈው ተራ ሴራሚክ ግን ከ10 በመቶ በላይ ሊጠጣ ይችላል። ልዩነቱን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከተሰበረው ቁራጭ በጀርባው በኩል ጥቂት ውሃ ጠብ ያድርግ። ቶሎ ከመጠጠው ፖርሰሊን አይደለም።

ታዲያ ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ ምን ያበላሸዋል? መልሱ ወለሉ አንድ ዓይነት ነገር አለመሆኑ ነው። በፖርሰሊኑና በፖርሰሊኑ መካከል ግንበኞች ግራውት የሚሉት መጋጠሚያ አለ። እሱ በአብዛኛው ሲሚንቶና ደቃቅ አሸዋ ነው። ሰንሰለት በደካማው ቀለበቱ እንደሚበጠስ ሁሉ ወለልም የሚፈርሰው በመጋጠሚያው በኩል ነው።

አረፋው ማጽጃ አይደለም

አሲድ ወለሉ ላይ ሲፈስ ሲንጨረጨርና አረፋ ሲያወጣ ሁላችንም አይተናል። «አየህ፣ እድፉን እየበላው ነው» ይባላል። እየተበላ ያለው ግን መጋጠሚያው ነው። አሲድና የሲሚንቶ ኖራ ሲገናኙ ጋዝ ይወጣል፤ አረፋው እሱ ነው። በዚያን ዕለት መጋጠሚያው ነጣ ብሎ ይታያል፤ ላዩ ተልጧልና። በማግስቱ ግን ሸካራ ሆኗል፣ ጎድጉዷል። አቧራውና ቅባቱ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። በሳምንቱ ካለፈው ይበልጥ ይጠቁራል። ስለጠቆረ አሲዱ ይጨመራል። አሲዱ ስለተጨመረ ይበልጥ ይጎደጉዳል። ይህ ማለቂያ የሌለው ዙር ነው። በመጨረሻም ውሃ በስንጥቁ ወደ ሥር ይወርዳል፣ ማጣበቂያውን ያላላል፣ ወለሉም ሲያንኳኩት ባዶ ጣሳ ይመስላል።

የአሲዱ ትነት ደግሞ ከወለሉ አልፎ የቧንቧውን እጀታ፣ የበሩን ማጠፊያ፣ የፍሪጁን እግር ያዝገዋል። አንዳንድ የዝገት ማስለቀቂያ ውስጥ ያለው ሃይድሮፍሎሪክ የሚባል አሲድ ፖርሰሊኑን ራሱን ይበላል፤ ቆዳ ቢነካ ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። እንዲህ ያለው ነገር ከቤት ጭራሽ መግባት የለበትም።

አሲድ ቦታ የለውም አንልም። ግንበኛው ሥራውን በጨረሰበት ወቅት ላዩ ላይ ቀርቶ የደረቀ የሲሚንቶ ጭጋግ ካለ፣ መጋጠሚያው በሚገባ ከጠነከረ በኋላ፣ ወለሉ አስቀድሞ በንጹሕ ውሃ ርሶ፣ በጣም በቀጠነ የአሲድ ማጽጃ አንድ ጊዜ ተጠርጎ ወዲያው በብዙ ውሃ ይለቀለቃል። ይህ የግንበኛ ሥራ ነው፤ የሳምንት ጽዳት አይደለም። ከዚያም የሚሻለው ጭጋጉ ሳይደርቅ በዚያው ቀን በርጥብ ስፖንጅ ማስጠረግ ነው። ሒሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ወለሉን በብርሃን በኩል ተመልከቱ። ያኔ አንድ ቃል መናገር በኋላ አሥር ጠርሙስ አሲድ ከመግዛት ያድናል።

ከአሲድ ሌላ ወለሉን የሚጎዱ ልማዶችም አሉ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ላዩን ይጭራል፤ ቅንጥብጣቢውም መጋጠሚያው ውስጥ ቀርቶ ይዝጋል። ሳይጠረግ ርጥብ መወልወያ ማሳረፍ ደግሞ አሸዋውን እየጎተቱ መፈተግ ነው። የወለል ሰም ለእንጨት ወለል ነው እንጂ ለፖርሰሊን አይሆንም፤ ፖርሰሊኑ ስለማይመጠው ላዩ ላይ ቀርቶ ያንሸራትታል፣ አቧራም ይሰበስባል። ለሲሚንቶ ወለል እንደ ለመድነው በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ መወልወልም ጥቅም የለውም፤ ሽታውና የእሳቱ አደጋ ነው የሚተርፈን።

ሳሙና ማብዛትስ? ይህም ጉዳት ነው። «ኦሞው ካልበዛ አይጸዳም» የሚሉ አሉ። ቤቱ በታጠበ ማግስት ባዶ እግር ሲረግጡት የሚያጣብቅ ከሆነ፣ የጫማ ኮቴም ቶሎ የሚታይበት ከሆነ፣ ያ እድፍ አይደለም፤ ሳይለቀለቅ የቀረ ሳሙና ነው።

ሁለቱን ያደባለቀ ሞትን ጠራ

ከሁሉም ይልቅ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያስገደደን የሚከተለው ነው። በየቤቱ በበዓል ዋዜማ፣ ለፋሲካም ይሁን ለኢድ፣ «ለይቶለት ይጽዳ» ተብሎ አሲድና በረኪና በአንድ ባልዲ ይደባለቃል። ወይም መጸዳጃ ቤቱ በበረኪና ታጥቦ ሳይለቀለቅ አሲድ ይደፋበታል። ከዚህ የሚወጣው ክሎሪን የተባለው ጋዝ ነው። ክሎሪን በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1915 እ.ኤ.አ. ቤልጂግ ውስጥ ኢፕር በተባለው ግንባር ወታደሮችን ለመግደያነት የተለቀቀው ያው ጋዝ ነው። መጠኑ ይለያይ እንጂ ባሕርዩ አንድ ነው። ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ሳንባን ያቆስላል። መስኮት በሌለው ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሲሆን ደግሞ መሸሻ የለውም። አስም ያለበት ሰው፣ ሕፃንና ሽማግሌ ይበልጥ ይጎዳሉ።

በረኪናን ከአቼቶ ወይም ከሎሚ ጋር መቀላቀልም ያንኑ ጋዝ ያወጣል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ወይም ሽንት ከተጠራቀመበት ቦታ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ሌላ መርዛም ጋዝ ይወጣል። ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አይቀላቀልም።

ይህ ጋዝ የሸተተው ሰው «ልጨርሰው» ማለት የለበትም። ባልዲውን ጥሎ፣ በሩን ከፍቶ፣ ወደ ውጭ አየር ይውጣ። ዓይኑ ከተነካ ቢያንስ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ሳሉና የትንፋሽ ማጠሩ ካልተወው ሳይውል ሳያድር ወደ ጀጎል ሆስፒታል ወይም ወደ ሕይወት ፋና ይወሰድ። አሲድ ወይም በረኪና የጠጣ ሰው ካለ ደግሞ እንዲያስመልስ ማስገደድ አይገባም፤ ወደ ላይ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋልና። የጠጣበት ጠርሙስ አብሮ ተይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ።

እዚህ ላይ ሌላ ነገር አለ። አሲዱም በረኪናውም በብዛት የሚሸጠው በባዶ የውሃ ፕላስቲክ፣ ማለትም ሃይላንድ በምንለው እየተሞላ ነው። ጽሑፍ የለው፣ ምልክት የለው። ከጨዋታ ውሃ ጠምቶት የገባ ልጅ በምን ያውቀዋል? የምንገዛውን ነገር መከልከል ባንችል እንኳ ቤት ስናስገባው ቀይ ጨርቅ አንገቱ ላይ እናሥርበት፣ «መርዝ» ብለን እንጻፍበት፣ ከልጅ እጅ በላይ ቆልፈን እናስቀምጠው። ይህ አምስት ሳንቲም አያስወጣም።

የምታጥበው ማን ናት?

ስለ ወለል ውበት ስናወራ ጎንበስ ብሎ የሚያጥበውን ሰው እንረሳለን። በብዙ ቤት አጣቢዋ የቤት ሠራተኛ ናት፤ ከገጠር የመጣች፣ አንዳንዴም የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ የማትችል ልጅ ናት። ሠራተኛ በሌለበት ቤት ደግሞ ትልቋ ሴት ልጅ ናት። በባዶ እጇ አሲድ ትነካለች፣ በነጠላ ጫማ ትቆምበታለች፣ በተዘጋ ክፍል ትተነፍሰዋለች። ጣቷ ሲላጥ «ሳሙና አይስማማትም» ይባላል። ስታስል «ብርድ ነው» ይባላል።

እኛ እንደምናምነው ኃላፊነቱ የባለቤቱ ነው። «ቀላቅለሽ እጠቢ» ያለ ሰው የሚወጣውን ጋዝ አላውቅም ማለት አይችልም። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ይህን ሰሌዳ ያነበበ ሁሉ ዐውቋል። የላስቲክ ጓንት ዋጋው ከአንድ ፖርሰሊን አይበልጥም። ለወለሉ ያን ያህል ብር ያወጣ ቤት ለእጇ ጓንት ቢገዛ ምን ይጎድልበታል?

ውሃችንስ?

የሐረር ሰው የውሃን ዋጋ ለማንም አስተማሪ ነው። ከተማችን ለብዙ ዓመታት የጠጣችው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሐይቁ ደርቆ ምን እንዳየን አይረሳም። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውሃ መልሶ ቢይዝም፣ ከተማዋ ሌላ ምንጭ መፈለግ ነበረባትና 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ካለው ከድሬዳዋ በኩል ከጥልቅ ጉድጓድ እየተገፋ ዳገት የሚወጣ ውሃ ተዘረጋላት። ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት። እያንዳንዱ ባልዲ ያን ያህል ተራራ ወጥቶ ነው የሚደርሰን።

ይህን ውሃ አሲድ ለመለቅለቅ በሦስት በአራት ባልዲ መድፋት ያሳዝናል። በአሲድ የታጠበ ወለል ብዙ ውሃ ይፈልጋል፤ በጥቂት ሳሙና የተወለወለ ግን ግማሽ ባልዲ ይበቃዋል። የተደፋው አሲድም በጠባቡ መተላለፊያ ወርዶ በታች ባለው ጎረቤት ደጃፍ ነው የሚያልፈው። ልጆች በባዶ እግራቸው እዚያው ይጫወታሉ። ጎረቤትን በዚህ መልክ ማስቀየም ይገባል?

ውሃው ከኖራ ድንጋይ ምድር ስለሚወጣ ጠንካራ ነው፤ ማንቆርቆሪያችሁን ከፍታችሁ ሥሩን ብታዩ ነጩ ቅርፊት ይመሰክራል። ጠንካራ ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ የምናየው ጉም የመሰለ ነገር ይኸው ነው። ስለዚህ በእኛ ከተማ ሳሙና ማሳነስና ወለሉን በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ግዴታ ይሆናል። ውሃው ወለሉ ላይ ከደረቀ ኖራውን ትቶ ይሄዳል፤ በጨርቅ ከተነሣ ግን ኖራውም አብሮ ይነሣል።

እንዴት ይታጠብ?

አንደኛ፣ ጫማ በር ላይ ይውለቅ። ይህ የሐረሪ ቤት የቆየ ሥርዓት ነው፤ ከማናቸውም ማጽጃ ይበልጣል። ወለል የሚጭረው በጫማ የሚገባው አሸዋ ነውና። ጫማ ማውለቅ የማይቻልበት ቤት ከበሩ ውጭና ውስጥ መጥረጊያ ምንጣፍ ያድርግ።

ሁለተኛ፣ በየቀኑ በለስላሳ መጥረጊያ ይጠረግ። ጥግ ጥጉ አይረሳ።

ሦስተኛ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይወልወል። ሁለት ባልዲ ይዘጋጅ፤ በአንደኛው ግማሽ ድረስ ለብ ያለ ውሃና አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በሁለተኛው ንጹሕ ውሃ ብቻ። መወልወያው በደንብ ይጨመቅ። ክፍሉ ከውስጥ ወደ በር እየተወለወለ ይውጣ። ከዚያ በንጹሑ ውሃ ይደገም፣ በደረቅ ጨርቅም ይድረቅ። የቀረው ውሃ አይደፋ፤ መጸዳጃ ቤት ያገለግላል።

አራተኛ፣ መጋጠሚያው በወር አንድ ጊዜ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ ይፈተግ። የጠቆረ ካለ የዳቦ ሶዳ በጥቂት ውሃ ተለውሶ ተቀብቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ይፈተግና ይለቅለቅ። ያልለቀቀውን መጋጠሚያ ግንበኛ ጠርቶ በላዩ መሙላት ይቻላል፤ ወለሉን ሁሉ ከማስነሣት በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

ለተለዩ እድፎችም የተለየ መፍትሔ አለ።

ቡናና ሻይ ወዲያው ከተጠረገ ምንም አይተውም። ከደረቀ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ የረጠበ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ይጣልበት።

የወጥ ቅባት መጋጠሚያው ውስጥ ከገባ የበርበሬው ቀለም ይቀራል። ፈሳሽ ሳሙናው ውሃ ሳይቀላቀል ይቀባበት፣ ከዚያ በሙቅ ውሃ ይነሣ።

የሂና ለሠርግና ለበዓል ስንጠቀም ወለል ላይ የሚንጠባጠብ ነው። አልጠነከረም ብሎ ማሳደር አይገባም፤ ወዲያው ይጠረግ። ቀለሙ ከቀረ በውሃ የቀጠነ በረኪና፣ ብቻውን፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ለጥቂት ደቂቃ ይቀመጥበትና ይለቅለቅ።

የሻማና የዕጣን ቅሪት እስኪጠነክር ተጠብቆ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ይፋቅ፤ በቢላዋ አይሁን።

ቄጤማ የምንጎዘጉዝ ቤቶች ርጥብ ሣር በፖርሰሊን ላይ እንደ በረዶ እንደሚያንሸራትት እናስብ። እንግዳ ይዞ የሚገባው ሽማግሌ ይወድቃል። ሣሩ ጠፈፍ ይበል፣ በዕለቱም ይነሣ።

የከሰል ምድጃ ከወለሉ ጋር ፊት ለፊት አይገናኝ፤ ድንገተኛ ሙቀት ሊሰነጥቀው ይችላል። ሰፋ ያለ የብረት ወይም የሸክላ ማስቀመጫ ከሥሩ ይሁን።

የኖራ ቅርፊት በመታጠቢያ ቤት ካለ፣ መጋጠሚያው አስቀድሞ በውሃ ይርጠብ፣ አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቀባ፣ ወዲያው ይለቅለቅ። በረኪና በዚያ ቀን አይነካ።

ስለ አሮጌው ቤት

አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባችው በግንቡና በመስጊዶቿ ብቻ ሳይሆን በቤቶቿም ጭምር ነው። የሐረሪ ቤት ነደባ በቀይ አፈር ይቀባል። ሽማግሌዎች እንደሚነግሩን ቀዩ ቀለም በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል። እንግዲህ ይህን የመሰለ ትዝታ በፖርሰሊን መሸፈን ተገቢ ነውን?

የትዝታውን ነገር ብንተወው እንኳ የአሠራሩ ነገር አለ። አሮጌው ቤት ድንጋይና ጭቃ ነው። ከመሬት የሚነሣው እርጥበት በአፈሩ በኩል ቀስ እያለ ይተናል። በሲሚንቶና በፖርሰሊን ሲታፈን መውጫ ፈልጎ ወደ ግድግዳው ይወጣል። ከዚያም ምርጊቱ ይላጣል፣ ግድግዳው ያብጣል። ለዚህ ነው ፖርሰሊን የወጥ ቤቱ፣ የመታጠቢያ ቤቱ፣ አዲስ የተጨመረው ክፍል ድርሻ ይሁን፣ ነደባው ግን ቀይ እንደሆነ ይኑር የምንለው። የቅርስ ጉዳይ የሚመለከተውን ቢሮ ሳያማክሩ አሮጌ ወለል መቆፈርም አይገባም።

ነደባውን በእጃቸው የሚቀቡት እናቶች ደግሞ ለፖርሰሊኑም አስተማሪዎች ናቸው። በየጊዜው፣ በጥቂቱ፣ በለስላሳ እጅ ይይዙታል። ቤት በዓመት አንድ ጊዜ በኃይል በመቀጥቀጥ አይጸዳም፤ በየቀኑ በመያዝ ነው የሚጸዳው።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«አሲድ ካልሆነ አይነጣም» ለሚሉን፤ የመጀመሪያው ቀን ንጣት የመጋጠሚያው ቆዳ መላጥ ነው ብለናል። ሁለት ወር ሳሙናውንና የዳቦ ሶዳውን ሞክሩና ፍረዱ።

«በረኪና ካልገባበት ጀርም አይሞትም» ለሚሉን፤ ለዕለት ተዕለት ወለል ሳሙናና ውሃ በቂ ነው። በረኪና ቦታው ተቅማጥና ትውከት ያለበት በሽተኛ በቤት ሲኖር ነው። ያን ጊዜም ቆሻሻው አስቀድሞ ይነሣ፣ ወለሉ ይታጠብ፤ ከዚያ ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ 10 ደቂቃ ይቆይበትና ይለቅለቅ። በቆሸሸ ወለል ላይ የተደፋ በረኪና ኃይሉን በእድፉ ላይ ይጨርሳል። የተቀላቀለውም በዕለቱ ይዘጋጅ እንጂ አይደር።

«የሚያብረቀርቀው ያምራል» ለሚሉን፤ ያምራል። ነገር ግን ለግቢ፣ ለደረጃና ለመታጠቢያ ቤት ሸካራውን ግዙ። የአረጋዊ ዳሌ አጥንት ከተሰበረ ምን ዓይነት ውበት ይክሰዋል? ስትገዙም አምስት ስድስት ትርፍ ፖርሰሊን አስቀምጡ፤ ከዓመት በኋላ አንዱ ቢሰበር ያንኑ መልክ ገበያ ላይ አታገኙትም።

ስለዚህ

ነዋሪው ሁሉ የሚከተሉትን እንዲፈጽም በአክብሮት እናሳስባለን።

፩. አሲድን ለሳምንት ጽዳት መጠቀም ይቁም።

፪. በረኪናና አሲድ በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል አይገናኙ።

፫. በውሃ ፕላስቲክ የተቀመጠ መርዝ ሁሉ ምልክት ይደረግበት፣ ከልጆች ይራቅ።

፬. ለምታጥበው ሰው ጓንት ይገዛላት፣ መስኮት ይከፈትላት፤ ይህም ጽሑፍ በምትሰማው ቋንቋ፣ በአማርኛም በሐረሪም በኦሮምኛም በሶማሊኛም ይሁን፣ ይነበብላት።

፭. የአሲድ እጣቢ በመተላለፊያ ላይ አይደፋ።

፮. ነደባ በፖርሰሊን አይሸፈን።

ከእነዚህ መካከል ገንዘብ የሚያስወጣው ጓንቱ ብቻ ነው። ሌላው ልማድ መለወጥ ነው። ልማድ መለወጥ ደግሞ ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ግን ሲኒውን እንዴት እንደምንይዘው የምናውቅ ሰዎች ወለሉን መያዝ አያቅተንም። ከዚህ የተሻለ የእድፍ ማስለቀቂያ ዘዴ ያላችሁ እናቶችና እህቶች በዚሁ ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ እንድትለጥፉ እንጋብዛለን።

የአስተያየት ዓምድ አዘጋጆች